በድምፅ ብልጫ የተነቀለ መንጋጋ

ጥርስ ክፍል ተመድበሻል ሲሉኝ አለቀስኩ። ነርስነት ስማር ልቤ ማዋለጃ ክፍል ነበር። ማዋለጃ ክፍል ጭንቁ ጭንቅ ቢሆንም መጨረሻው እልልታ ነው። ጥርስ ክፍል ግን ሰው ሲገባም ኡኡ፣ ሲወጣም ኡኡ ነው። ለመዳቢው ይህንኑ ብነግረው፣ «የት እንደምትፈለጊ ከአንቺ ይልቅ አብዮቱ ያውቃል» አለኝ። ከአብዮቱ ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል? ዓይኔን ጠርጌ ሄድኩ።

ጤና ጣቢያው አዲስ አበባ፣ በሃያ ሁለት በኩል ነበር። የጥርስ ክፍሉ ከመርፌ ክፍል ቀጥሎ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የሚንቋቋ ወንበር፣ አንገቱ የማይጸና መብራትና አንድ የመሣሪያ መቀቀያ አላት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከወዲያ መርፌ የሚወጋው ሲጮህ፣ ከወዲህ ገና አፉን ያልከፈተው አብሮት ይጮሃል።

አለቃዬ ዶክተር ኃይሉ ቡልጋሪያ ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎም የሚበርዱ ሰው ነበሩ። የገባሁ ዕለት እንኳን ደህና መጣሽ የለ፣ ስምሽ ማነው የለ። «እጅሽን አገጭሽ ሥር አድርጊ» አሉኝ። አደረግኩ። «ጫን በይው። ምን ይላል?» «ለስላሳ ነው ዶክተር።» «የሰው አገጭ ሥር ነክተሽ እንጨት ሆኖ ካገኘሽው ሩጪ።» «ወዴት?» አልኳቸው። «ወደ እኔ ነዋ! ወደ ቤትሽ ልትሮጪ ኖሯል?» እውነቱን ለመናገር የዚያን ዕለት ያሰብኩት ወደ ቤቴ ነበር።

በክፍላችን ማዕረግ ዶክተሩ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ፣ መቀቀያው ሦስተኛ ነበርን። መብራት ሲጠፋ እኔና መቀቀያው እኩል እንሆናለን። ጉጠት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር፤ ለላይ ጥርስ ቀጥ ያለው፣ ለታች አንገቱ የተቆለመመው መሆኑን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። አንድ ቀን አሳስቼ ባቀብላቸው ዶክተር ኃይሉ ጉጠቱን ወደ ላይ አንስተው አዩና፣ «በዚህ ሚስማር ነው የሚነቀለው» ብለው መለሱልኝ።

ዋናው ትምህርት ግን ስለ መሣሪያ አልነበረም። ሰው ጥርስ አፍ ውስጥ ታስሮ የሚኖር ይመስለዋል። ጥርሱስ ታስሯል፤ መግሉ ግን እግር አለው። ከላይ ጥርስ ከተነሳ ወደ ጉንጭና ወደ ዓይን ይወጣል፣ ካልተገታም ወደ አንጎል ያልፋል። ከታች መንጋጋ ከተነሳ አገጭ ሥር ይወርዳል፣ ምላስን ከሥሩ ያነሳል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ሲብስ ደረት ይገባል። ዶክተር ኃይሉ ፊቱ ያበጠ ሰው በመጣ ቁጥር ጥርሱን ከማየታቸው በፊት አፉን ምን ያህል እንደሚከፍት፣ ምራቁን መዋጥ መቻሉን፣ ድምፁ መለወጥ አለመለወጡን ይጠይቃሉ። እኔንም በዚሁ ያፋጥጡኝ ነበር። ስመልስ «እሺ» ይሉኛል። ከእሳቸው አፍ «እሺ» ማለት ሽልማት ነው።

ችግሩ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ሌላውን ሁሉ ሞክሮ ሲያበቃ መሆኑ ነበር። አንዲት የሃያ ሁለት ቅቤ ነጋዴ ጉንጯ እንደ ድፎ ተነፍቶ መጣች። ዕንቧይ ታጥና ነበር የሰነበተችው። ዶክተር ኃይሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት፣ «የጥርሴን ትል እንኳ እኔ በጢስ አስወጥቼዋለሁ፤ እናንተ ቤቱን ብቻ አፍርሱልኝ» አለች።

ሌላው የቡልቡላ ገበሬ ነበር፤ ያኔ ቡልቡላ ሁሉ እርሻ ነው። አንድ ዓይኑ በእብጠት ተከድኖ መጣ። «ዓይኔን ነው የታመምኩት» ይላል። ዶክተሩ የላይኛውን ክራንቻ ነቅለው መግሉን አፈሰሱት፤ ዓይኑ ተከፈተ። እሰይ ብለን ሳንጨርስ ሰውዬው አገሩ ገብቶ ወሬውን ነዛው። ከዚያ ወዲያ ከቡልቡላ ዓይኑን ያመመው ሁሉ እኛ ዘንድ ይሰለፍ ጀመር። «ኧረ እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ!» ቢሉ ዶክተሩ፣ አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ከፈቱና፣ «እናውቃለን ጌታዬ፤ ለዓይኔ የሚሆነውን እርስዎ ይምረጡና ይንቀሉ» አሏቸው።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን «መርፌ አይወድም» የምትባል ነገር ናት። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም፣ እብጠት መርፌ አይወድም፣ ያበጠ ጥርስ ከተወጋ ሰውየው አለቀለት ይባላል። በሽታ የሚወደውንና የሚጠላውን ማን እንደሚጠይቀው እንጃ! ይህችን አባባል ተሸክሞ መጥቶ ሊሞትብን የነበረው ሰው ደግሞ ተራ ሰው አልነበረም። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ በላቸው ነበር።

ያኔ በፊቱ «እርስዎ» ነበር የምለው። አሁን ጡረታ ስለወጣሁ «እሱ» እላለሁ።

ስኳር ለመግዛት፣ መታወቂያ ለማደስ፣ ክፍለ ሀገር ያለ ዘመድ ለመጠየቅ ይለፍ ለማውጣት የእሱ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባም አንዲት ክፍል ነበረችው፤ ቁልፏ እሱ ኪስ ነው የሚያድረው። የጎረቤቴ የወይዘሮ አስካለ ባል ስብሰባ ላይ ደክሞት ቢያንኮራፋ፣ «በሰፊው ሕዝብ ላይ አንኮራፍቷል» ተብሎ እዚያች ክፍል ሲሚንቶ ላይ ሰንብቷል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት አይፈራ? እኔ ራሴ ድምፁን ከሩቅ ስሰማ ነጠላዬን አስተካክላለሁ።

ከቃላት ሁሉ «ሥር ነቀል» የሚለውን ይወድ ነበር። «ጥገናዊ ለውጥ አንፈልግም! ሥር ነቀል ለውጥ ነው የምንፈልገው!» ይላል። ቧንቧ ቢበላሽ ሥር ነቀል፣ ዳቦ ቢያንስ ሥር ነቀል፣ የሰፈር ውሻ ቢበዛ ሥር ነቀል። ስንቱ ነገር ሥሩ ተነቅሎ እንደሚያልቅ እያሰብኩ እዚያ ተቀምጬ ማጨብጨብ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃና ሚስቱን ወይዘሮ ዘነበችን አስከትሎ ክፍላችን ከች አለ። የቀኝ ጉንጩ አብጧል። ዶክተር ኃይሉ አዩት፤ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ተቦርቡሮ ባዶ ቤት ሆኗል።

«ይነቀላል» አሉ።

«በጥገና አይያዝም?» አለ ጓድ በላቸው።

ዶክተሩ ፊታቸውን አላፈኩም። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይኼ ጥገናዊ ለውጥ አይበቃውም። ሥር ነቀል ነው።»

እኔ ወደ መቀቀያው ዞሬ ክዳኑን ማንኳኳት ጀመርኩ። ሳቄን የምደብቅበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ጓድ በላቸው አልሳቀም። «ይህ በሽታ መርፌ አይወድም ዶክተር። አጎቴ ያበጠ ጥርሱን ተነቅሎ ነው የሞተው።»

«ሳይነቀል ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ክረምቱን ሙሉ።»

«እንግዲያው የገደለው መነቀሉ ሳይሆን ክረምቱ ነው።»

«ደግሞ እሁድ ታላቅ ስብሰባ አለ፤ ንግግር አደርጋለሁ። ኪኒን ይስጡኝ፤ ከስብሰባው በኋላ ይታሰብበታል።» ወይዘሮ ዘነበች ከበሩ ላይ ሆና፣ «እሳቸው እኮ እንዲህ ናቸው» አለች። ሰው ፊት ባሏን ሁልጊዜ «እሳቸው» ነበር የምትለው። ዶክተር ኃይሉ መድኃኒቱን ሰጡት፣ በነጋታው እንዲመለስም አስጠነቀቁት። ማንን አስጠንቅቀህ? ቀረ።

መድኃኒቱንም እንደታዘዘው አልወሰደውም። ወይዘሮ ዘነበች በኋላ እንደነገረችኝ፣ እንክብሉን እየከፈተ ዱቄቱን ጥርሱ ላይ ይነሰንስ ነበር፤ ቁስል ላይ እንደሚደረገው መሆኑ ነው። ሕመሙ ጋብ ሲልለት የቀረውን ለሌላ ቀን ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

ቅዳሜ ዕለት ያ የአብዮት ጥበቃ ለራሱ ራስ ምታት መድኃኒት ሊወስድ መጣ። ዶክተሩ ጓድ በላቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቁት።

«ደህና ናቸው። እብጠቱ ወርዷል።»

«ወዴት ነው የወረደው?»

«ወደ ታች ነዋ!» አለና በመዳፉ አንገቱን አሳየ።

ዶክተር ኃይሉ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ቀበሌ ድረስ ሄዱ። ጓድ ሊቀ መንበር ንግግር እያዘጋጁ ስለሆነ አይረበሹም ተብለው ተመለሱ። ሲመለሱ አልተቆጡም። «ጽጌ» አሉኝ። «እኔ የሌላ ቀበሌ ነኝ፣ እዚያ አያስገቡኝም። ነገ ስብሰባው ላይ ከፊት ተቀመጪና ድምፁን ስሚ። እኔ መሣሪያ ቀቅዬ እዚህ እጠብቃለሁ። መግሉ ከጉሮሮው ከገባ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚታፈነው።»

«ብነግራቸው የማይሰሙኝ ከሆነስ?»

«እዚህ ከሞተ እኛ ገደልነው፣ እዚያ ከሞተ ዝም ብለን ገደልነው። እኔ ምን አውቅልሻለሁ!» አሉኝና መቀቀያው ላይ ጮሁበት።

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጓድ በላቸው በዚያ ሙቀት አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ ገባ። አንገቱን ማዞር ስላቃተው ሰው ሰላም ሲለው መላ አካላቱን ያዞራል። ሰው ግን ኩራት መሰለው።

መናገር ጀመረ። «ጓዶች» ማለት አቅቶት «ኧዶች» አለ። ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ይዞ የሚናገር ይመስላል። «ሥል ነአል ለውጥ…» ሲል የዶክተሩ ትምህርት ትዝ አለኝ። ምላሱ ከሥሩ ተነስቷል ማለት ነው። በየቃሉ መሐል በመሐረብ አፉን ይጠርጋል። ከጎኔ የነበሩ አሮጊት፣ «ለሕዝብ አልቅሰው እኮ ነው፣ አንጀታቸው ተላውሶ!» አሉና እንባቸውን ጠረጉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በተጨበጨበለት ቁጥር ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ባደረገ ቁጥር ትንፋሹ ያፏጫል።

ፈራሁ። እንዴት እንደፈራሁ ለመናገር ቃል የለኝም። ሊቀ መንበር ሲናገር ማቋረጥ ማለት ያቺን ክፍል በገዛ እጅ መክፈት ነው። ግን የስብሰባ ወግ አንድ ቀዳዳ ነበረው። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ያለው ሰው ማንም እየተናገረ ቢሆን እጁን ማውጣት ይችላል። እጄን አወጣሁ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ!»

የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ መርሻ ለወግ የሚሞት ሰው ነው። ጓድ በላቸው ሊከለክለኝ እጁን ቢያወናጭፍም፣ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ይቀድማል። ቀጥይ ጓድ ሲስተር» አለኝ።

«ጓድ ሊቀ መንበር ምራቃቸውን መዋጥ አልቻሉም!» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ያልኩት የነርስ ነገር ነው፤ ሰዉ የሰማው ግን ሌላ ነው። ሊቀ መንበራችን ገና ምራቁን ያልዋጠ፣ ያልበሰለ፣ ጨቅላ ነው ያልኩ መሰለው። ወይ ጉዴ!

አንድ ካድሬ ከፊት ብድግ ብሎ፣ «ሊቀ መንበራችን ምራቃቸውን የዋጡ ቆራጥ መሪ ናቸው!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበለው። ጓድ መርሻ ደግሞ መነጽሩን አስተካክሎ፣ «ጓድ ሲስተር ያቀረብሽው ሂስ ነው ወይስ ስድብ? ሂስ ከሆነ ቦታው በሂስና ግለ ሂስ ሰዓት ነው፣ ከሻይ በኋላ» አለኝ።

«ከሻይ በኋላ አይደርሱም!» ብዬ ጮህኩ። «ምራቃቸውን እስቲ አሁን ይዋጡና ያሳዩን!»

ያኔ ከኋላ ወይዘሮ ዘነበች ተነሳች። «አንተ በላቸው!» አለች። እሷ፣ «እሳቸው» ባይዋ! «እስቲ ዋጥ አድርግ!»

ሞከረ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጠረጴዛውን ጨበጠ፣ አንገቱ ተገተረ። አልወረደለትም፤ በከንፈሩ ጥግ ሻርፑ ላይ ፈሰሰ። አንድም ሰው አልሳቀም። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ሰውዬ ምራቁ አቅቶት ሲያይ፣ አዳራሹ በሙሉ ሳያውቀው የራሱን ምራቅ ዋጠ።

«ጥርሳቸው ነው» አልኩ። «መግሉ አንገታቸው ገብቷል። ዛሬ ካልታከሙ ታፍነው ይሞታሉ።»

ጓድ በላቸው ራሱን ነቀነቀ። «አልነአልም! መፌ አይወም!» አለ። የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን እንደያዘ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል፤ ማንን መያዝ እንዳለበት ግራ ገባው። መላ ቅጡ ሲጠፋ ወይዘሮ ዘነበች፣ «ጓድ መርሻ፣ ምን ይገትርሃል? ድምፅ ይሰጥበት!» አለች። ባሏ ስብሰባውን ሁሉ ማታ ማታ እቤት እየደገመ ሲያሰለቻት የኖረች ሴት ናት።

የጓድ መርሻ ፊት በራ። ይህን ያውቅበታል። «የጓድ ሊቀ መንበር ጥርስ ይነቀል የምትሉ እጃችሁን!»

አቤት የእጅ ብዛት! በዚያ አዳራሽ እጅ እንደዚያ ፈጥኖ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። የአስካለ ባል ሁለቱንም እጁን ነው ያወጣው።

«የምትቃወሙ?» አንድ እጅ ወጣ፤ የራሱ የጓድ በላቸው። «ድምፀ ተዓቅቦ?» የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃ ባልያዘበት እጁ ትንሽ ከፍ አደረገ። ጓድ መርሻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ፣ በከፍተኛ ድምፅ ብልጫ ጸድቋል። ጓድ ሊቀ መንበር ራሳቸው እንዳስተማሩን፣ አናሳው ለብዙኃኑ ውሳኔ ይገዛል» አለ።

ጓድ በላቸው ሁላችንንም በተራ አየን። ይህን ሕግ ለዓመታት ሲያስተምር የኖረው እሱ ነው። ቆቡን አንስቶ ተነሳ።

ቃሬዛ አምጥተው በክብር ሊያስተኙት ሲሉ፣ «እንዳታስተኙት! ከተኛ ምላሱ ያፍነዋል!» ብዬ ተቆጣሁ። በቀበሌው ፒክአፕ በእኔና በሚስቱ መካከል ወደ ፊት አዘንብለን አስቀመጥነው። ጓድ መርሻ ስብሰባው ስላልተዘጋ ጤና ጣቢያው ግቢ ይቀጥላል ብሎ አወጀ። ሕዝቡ በሙሉ በእግሩ ተከተለን።

ዶክተር ኃይሉ አገጩ ሥር ነክተው ወደ እኔ ዞሩ። «እንጨት» አሉ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። አፉ ከጣት ውፍረት በላይ አይከፈትም። «ጥርሱ ይቆይ። መጀመሪያ አንገቱ ይከፈታል። ትንፋሹ ቢቆም ያስፈልገናል፣ ጉሮሮ መብሻውን አጠገቤ አድርጊ።»

ጓድ መርሻ ከበሩ ላይ ጣቱን አወጣ። «ጓድ ዶክተር፣ ጉባኤው ያጸደቀው ጥርስ መንቀል ነው። አንገት መክፈት በአጀንዳ አልተያዘም።»

«እንግዲያው ውጣና አስይዘው!» አሉ ዶክተር ኃይሉ። «እኔ እስከዚያ እቆርጣለሁ።»

«ቁረጠው!» አለች ወይዘሮ ዘነበች። «ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን!»

ማደንዘዣውን አገጩ ሥር ሲወጉት ጓድ በላቸው እጄን ጨበጠ። እንደ ሕፃን ነው የጨበጠኝ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። ከሞተ እኔና ዶክተሩ የት እንደምንገባ አውቃለሁ፤ ያን ሰዓት ግን እውነቱን ልናገር፣ ስለ እኛ አላሰብኩም። እንዳይሞት ብቻ ፈለግኩ። አምላኬን በልቤ ጠራሁ።

ዶክተሩ ምላጩን አገጩ ሥር ሰደዱ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ትንፋሹ ቀጥ አለ። ዶክተሩ በአንድ እጃቸው የጉሮሮ መብሻውን አነሱ፣ በሌላው በመቀስ ቁስሉ ውስጥ ጠለቅ ብለው ከፈቱ። ያኔ ፈነዳ። ሽታውን አልገልጸውም፤ ምሳ የበላችሁ ትኖራላችሁ። ጓድ መርሻ በሩ ላይ እንደቆመ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ የሚያነሳው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ጓድ በላቸው ረጅም ትንፋሽ ሳበ። መግሉ እንዲፈስ ከጓንት ጣት ላይ ቆርጬ ያዘጋጀሁትን ላስቲክ ዶክተሩ ቁስሉ ውስጥ አኖሩ።

ትንሽ ቆይቶ አየሁት፤ አንገቱ ላይ ያቺ የማንቁርት አጥንት ወደ ላይ ብላ ተመለሰች። ምራቁን ዋጠ።

ወይዘሮ ዘነበች እልልታዋን አቀለጠችው። በጥርስ ክፍል እልልታ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግቢ ያለው ሕዝብ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

አፉ መላወስ ሲጀምር ዶክተሩ «የታች» አሉኝ። የተቆለመመውን አቀበልኳቸው። መንጋጋው ከሥሩ ላልቶ ስለነበር ብዙ አላስቸገረም። ጓድ መርሻ ከወለሉ ላይ ቀና ብሎ፣ «ተነቀለ? ለቃለ ጉባኤው ነው» አለ። ወዲያው ጓድ በላቸውን እንደተቀመጠ ለትልቁ ሆስፒታል ላክነው፤ እዚያ በመርፌ ብዛት ተቀጥቅጦ ዳነ። የማይወደውን መርፌ ማለቴ ነው።

እሱ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ወይዘሮ አስካለን ቦኖ ውሃ ላይ አገኘኋት። ማንም እንዳይሰማት እንስራዋን ለማጠብ መስላ ጎንበስ አለችና፣ «ምን አስቸኮለሽ?» አለችኝ። «ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሻል? የኔ ባል ሲሚንቶ ላይ ሲያድር ለእሱ እጁን ያወጣለት አለ?» እውነቷን ነበር፤ ማንም አላወጣም፣ እኔም ጭምር። «ምራቁን መዋጥ አቅቶት ነበር» አልኳት። «እና?» አለች። እንስራዋን ተሸክማ ሄደች፤ ለብዙ ጊዜም ሰላም አላለችኝም።

ጓድ በላቸው ሲሻለው ያለ ጠባቂ ብቻውን ወደ ክፍላችን መጣ። አገጩ ሥር ጠባሳ አለው። ፋሻውን ስፈታለት፣ «ጓድ ሲስተር» አለኝ በዝቅታ። «ያን ቀን ዝም ብትዪ ማንም አይጠይቅሽም ነበር። ለምን ተናገርሽ?»

«ምራቅዎን መዋጥ አቅቶዎት ነበር።»

«እሱን አውቃለሁ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም ጓድ ሊቀ መንበር።»

ፊቴን ሲመረምር ቆየ። ከኋላዬ አንድ ድርጅት፣ አንድ ዓላማ፣ አንድ ውለታ የሚያስከፍል ነገር ፈልጎ አጣ። ቅር እንዳለው ወጣ። መልአክም አልሆነ፤ ፊርማው እንደ ድሮው ውድ፣ የክፍሏም ቁልፍ እንደ ድሮው ኪሱ ነበር። አስካለም እሱም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ሁለቱም መልሴን አልወደዱትም። ከዚያ ወዲያ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ሌላ መልስ አላገኘሁለትም።

እናንተ አሁን ያን የጥርስ ክፍል ወንበር የተረከባችሁ ልጆች፣ አገጩ ሥር በሁለት በኩል ያበጠ ሰው አይተኛም፣ ቀጠሮም አይሰጠውም። የምትወዱት ሰው ከሆነ እጃችሁ ራሱ ይፈጥናል። የምትጠሉት ከሆነም እኩል ይፍጠን።